በቶኪዮው የኮሚክ መጻሕፍት አውደ ርዕይ ሠዓልያን ሥራቸውን ለአንባቢ የሚያቀርቡት በራሳቸው ወጪ ነው

በጃፓን ርዕሰ ከተማ ቶኪዮ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚካሄደው «ኮሚኬት» በተሰኘው የኮሚክ መጻሕፍት አውደ ርዕይ የሚሳተፍ ሠዓሊ፣ መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳትሞ ለአንባቢው በእጁ ያስረክባል።

አውደ ርዕዩ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ሲጀመር የተሳተፉት 32 የሠዓልያን ቡድኖችና 700 ያህል ታዳሚዎች ነበሩ። ለመመሥረቱ ምክንያት የሆነውም በወቅቱ ይካሄድ የነበረ ሌላ ጉባዔ ትችት የሰነዘረን ሰው ከተሳትፎ ማገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ለአራት ቀናት በተካሄደው ዝግጅት የታዳሚው ቁጥር 730 ሺህ ገደማ ደርሷል።

የአመልካቾች ቁጥር ካለው ቦታ ስለሚበልጥ ተሳታፊ ቡድኖች የሚለዩት በዕጣ ነው። ዕጣ የደረሰው ቡድን የሚሰጠው ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የጠረጴዛ ግማሽ ብቻ ነው። በዕለቱ ማለዳም ለአስተባባሪዎቹ የመጽሐፉን ናሙና በማስረከብ ይዘቱ ከአገሪቱ ሕግ ጋር የማይጋጭ መሆኑን ያስመረምራል።

ለሠዓሊው ከባዱ ውሳኔ የቅጂውን ብዛት መወሰን ነው። አብዝቶ ካሳተመ ያልተሸጠውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካሳነሰ ደግሞ ተሰልፎ የጠበቀው አንባቢ ባዶ እጁን ይሄዳል።

ይህም ሆኖ በአውደ ርዕዩ ደንብ ሻጭና ደንበኛ የሚባል የለም፤ ሠዓሊው፣ ገዢውና በጎ ፈቃደኛው አስተባባሪ በእኩል «ተሳታፊ» ተብለው ይጠራሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው «ክላምፕ» የተባለው የሴት ሠዓልያን ቡድንም የተነሣው በራሳቸው ወጪ ከሚያሳትሙ አማተሮች መካከል ነው።