ጀበናው የቆመው በማን ሰማይ ሥር ነው?

አንባብያን ሆይ፤ ለአንድ አፍታ ከዚህ ገጽ ቀና በሉና በአጠገባችሁ ያለውን ሲኒ ተመልከቱት። በጎኑ ላይ መስኮቱ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ የግድግዳው ቀለም በስሱ አርፎበታል፤ ጥላውም በአንድ ወገን ጠቆር፣ በሌላው ወገን ሳሳ ያለ ነው። እንግዲያውስ ሲኒውን የሚያበራው አንድ አምፑል ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ነው። እኔ ይህን ልብ ያልኩት ብዙ ከደከምኩ በኋላ ነው።

ማታ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ በኮምፒዩተር ሥዕል መሥራት እወዳለሁ። ብሌንደር የሚባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለ ሆነ የመምህር ደመወዝ አይከለክለውም። አንድ ጊዜ ጀበና ከነሲኒዎቹ ሠርቼ፣ በላዩ አንድ መብራት አቁሜ ሥዕሉን ባወጣው የፕላስቲክ መጫወቻ መሰለ። ጥፋቱ የቅርፁ መስሎኝ አንገቱንና እጀታውን ሁለት ሳምንት ሙሉ አቃናሁ። ለውጥ የለም። ጀበናው ምንም አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው በዙሪያው ያለው ዓለም ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካበጁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፖል ዴቤቬክ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከጂቴንድራ ማሊክ ጋር ሆኖ፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ የአንድን ቦታ እውነተኛ የብርሃን መጠን ከፎቶግራፍ ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። በ1998 ደግሞ በዚያው ብርሃን በኮምፒዩተር የተሠራን ዕቃ ማብራት እንደሚቻል አስረዳ። በ1999 በወጣው አጭር ፊልሙ፣ በኮምፒዩተር የተፈጠሩ ኳሶች በሮማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲንከባለሉ ይታያሉ። የበራላቸው ከዚያው ቤተ ክርስቲያን በፎቶግራፍ በተወሰደ ብርሃን ነው። የፊልሙም ስም በላቲን «ብርሃን ይሁን» ማለት ነው።

«ታዲያ ተራ ፎቶግራፍ ለምን አይበቃም?» ትሉኝ ይሆናል። ተራ ፎቶግራፍ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። በጣም ቀላል ፈተና ስሰጥ ጎበዙም እጅግ ጎበዙም እኩል 10 ከ10 ያገኛሉ፤ ልዩነታቸው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። እንደዚሁም በተራ ፎቶግራፍ ነጩ ደመናም ፀሐይም ሁለቱ 255 ያገኛሉ። በእውነቱ ግን የፀሐይ ገጽ ከሰማያዊው ሰማይ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይደምቃል። ፀሐይን ከደመና እኩል ያደረገ ሥዕል ጥላ መጣል አይችልም። ስለዚህ ያንኑ ቦታ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ ከሴኮንድ 4,000ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ 1 ሴኮንድ ድረስ ደጋግሞ ማንሳትና ፎቶግራፎቹን በአንድነት ማዋሐድ ያስፈልጋል። ኤች ዲ አር የሚባለው ይህ ነው። ፕሮግራሙም ይህን ሥዕል እንደ ትልቅ ሉል በዕቃው ዙሪያ ይዘረጋዋል፤ የሉሉም እያንዳንዱ ነጥብ እንደ መጠኑ መብራት ይሆናል።

እኔም ፖሊ ሄቨን ከሚባለው፣ ሰማዮችን በነጻ ከሚያድለው መዝገብ አንዱን ወስጄ ጀበናዬን አበራሁት። ሸክላው ሸክላ ሆነ፤ ሲኒዎቹም አብረቀረቁ። ደስ ብሎኝ ለተማሪዎቼ ባሳያቸው አንደኛው ትክ ብሎ አየና፣ «ቲቸር፣ ይሄ ጀበና ውጭ አገር ነው እንዴ?» አለኝ።

ልጁ ልክ ነበር። ሰማዩ በክረምት ወራት ከሰሜን አውሮፓ የተነሣ ነበርና ጥላው ረዝሞ ወለሉን አቋርጦ ተኝቷል። እስቲ እናስላው። ታኅሣሥ 12 ቀን በቀትር በበርሊን ፀሐይ ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ የ1 ሜትር እንጨት 4 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በዚያው ቀን በአዲስ አበባ ፀሐይ ወደ 58 ዲግሪ ትወጣለችና ጥላው 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰማዩን ባዞረው ጥላው አቅጣጫውን ብቻ ይለውጣል እንጂ አያጥርም፤ ባጋድለው ደግሞ አድማሱ አብሮ ይጋደላል።

የቀረው የራሳችንን ሰማይ ማንሳት ነው። የዴቤቬክን የቀድሞ ዘዴ ተከትዬ፣ በታኅሣሥ አንድ ቀትር አንድ የሚያብረቀርቅ የብረት ኳስ በትምህርት ቤቱ ግቢ በእንጨት ላይ አቆምኩ። እንዲህ ያለ ኳስ ከኋላው ያለውን እንኳ ሳይቀር ዙሪያውን ሁሉ በአንድ ፎቶግራፍ ያሳያል ለማለት ይቻላል። በካሜራው ዓይን ላይ ጨለም ያለ መስተዋት አደረግሁ። (በካሜራ ቀዳዳ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ያጠፋልና ተጠንቀቁ።) በመካከሉ ደመና እየመጣ ሦስት ጊዜ እንደ ገና አስጀመረኝ፤ ለካስ ሰማይ ቁም ቢሉት አይቆምም።

በዚያ ሰማይ የበራው ጀበና ጥላው አጭርና ደረቅ ነው፤ ሆዱ ላይ የግቢው ቀይ አፈር ቀላ ብሎ ይታያል፤ የሲኒዎቹም አፍ የክፍሎቻችንን ቆርቆሮ ጣሪያ ይዟል። ያንኑ ልጅ ጠርቼ አሳየሁት። «አሁን እዚህ ነው» አለና፣ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሲኒ በጣቱ እያመለከተ ሣቀ። የራሴን ምስል ከኳሱ ላይ ማጥፋት ረስቼ ኖሮ፣ በሲኒው ጎን ላይ ካሜራ ይዤ አጎንብሻለሁ።