ታሞክሲፌን ለማን ይሠራል? የጡት ካንሰርና የሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲኖች

ከደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ 400። ከቦረና ወይም ከመቅደላ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ የምትነሣ ሴት ብዙውን ጊዜ ይህን መንገድ የምትጀምረው እብጠቱ ከፍቶ፣ ብብቷም ሥር ወርዶ ነው። ስለዚህ የበሽታዋን መጨረሻ ከምንም በላይ የሚወስነው የደረሰበት ደረጃ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ግን ዕጢው የሚያድገው በሆርሞን ነው ወይስ ያለ ሆርሞን የሚለው ነው፤ ለገጠር ታካሚም ከሁሉ የሚጠቅማት ይኸው መልስ ይመስለኛል።

ጉዳዩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ሐኪም የእንቁላል ማምረቻዎች ሲወጡ አንዳንድ የጡት ዕጢዎች እንደሚያፈገፍጉ ጻፈ። ለምን አንዳንዶቹ ብቻ? መልሱ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልዉድ ጄንሰን ቺካጎ ላይ የኢስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲንን ሲያገኝ ነው። ተቀባዩ ያለው ዕጢ በኢስትሮጅን ይመገባል፤ የሌለው ግድ የለውም።

ዛሬ ሦስት ፕሮቲኖች አብረው ይመረመራሉ፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና ሄር-ቱ። የሆርሞን ተቀባይ ያለው ዕጢ በአብዛኛው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቢሆንም ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ሦስቱም የሌሉበት ቶሎ ይገሠግሣል፤ የሚመለስ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ኢስትሮጅን ተቀባይ ኖሮት ፕሮጄስትሮን ተቀባይ የሌለው ሁለቱንም ከያዘው ይከፋል። ሄር-ቱ የበዛበት ዕጢ ድሮ ክፉ ዜና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ታሪኩን ለወጠው፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ታካሚያችን አይቀመስም።

ታሞክሲፌን ሌላ ነገር ነው። በቀን 20 ሚሊ ግራም የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ ላላቸው ሴቶች ለአምስት ዓመት ሲወሰድ በበሽታው የመሞትን ዕድል በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ለሌላቸው ግን ምንም አይፈይድም።

የእኛ ሀገር ሴቶችስ? ለረጅም ጊዜ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች አብዛኛው የጡት ካንሰር ሆርሞን የማይቀበል ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጥናት ይህን አናጋው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ከታከሙት 1,208 ሴቶች ውስጥ የተቀባይ ውጤት የተገኘላቸው 352 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህ የኢስትሮጅን ተቀባይ የሌላቸው 35 በመቶ ናቸው። 352 የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል፤ በሀገሪቱ ትልቁ ሆስፒታል እንኳ ከአሥሩ ለሰባቱ ገደማ ውጤት አልተገኘም።

ምርመራው የሚበላሸው ደግሞ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳይደርስ ነው። ብዙ ሴት የምትመረመረው በቀጭን መርፌ ነው፤ ያ ካንሰር መኖሩን ይናገራል እንጂ ተቀባዩን ለማየት አይመችም። ጡቱ ተቆርጦ ሲወጣ ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ ፎርማሊኑም የናሙናውን አሥር እጥፍ ያህል መሆን፣ ቆይታውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መሆን አለበት። ሳይሰነጠቅ ጠባብ ዕቃ ውስጥ የታጨቀ ጡት ከላይ ደርቆ መሐሉ ይበሰብሳል፤ ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንጂ አይሰርግምና። ተቀባዩን ለማየት ቀለም ሲቀባ እንዲህ ያለው ሥጋ በደንብ ቢያዝ ኖሮ ቡናማ ይሆን የነበረውን ኒውክሊየስ ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል፤ ውጤቱም «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ከ100 የካንሰር ሴሎች አንዱ እንኳ ቡናማ ቢሆን ግን ታሞክሲፌን ሊታሰብላት ይገባ ነበር።

ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ያለ ውጤት ታሞክሲፌን ማዘዛቸው የተለመደ ነው። በጥቁር አንበሳው ስሌት ከሦስት ሴቶች ለሁለቱ ትክክለኛ ግምት ነው። ሦስተኛዋ ኬሞቴራፒ ሊደርስላት በሚችልበት ወራት የማይሠራላትን ክኒን ትውጣለች።