አምፖሉ ዕድሜው ቢረዝምለት ማን ይከስራል?

አንድ የመብራት አምራች «የካርቦን ልቀቴን ቀነስኩ» ሲል ወዲያው ሊጠየቅ የሚገባው «የቱን ልቀት?» ተብሎ ነው። የኔዘርላንዱ ሲግኒፋይ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ፊሊፕስ ላይቲንግ ይባል የነበረ፣ ሥሩም እ.ኤ.አ. በ1891 አይንድሆቨን ከተማ ውስጥ ከተቋቋመው የፊሊፕስ ፋብሪካ የሚመዘዝ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ2020 የራሱ ሥራ ከካርቦን ነጻ መሆኑን አስታወቀ፤ የሚጠቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ ታዳሽ ምንጭ አዙሮ የቀረውን ልቀት በማካካሻ ፕሮጀክቶች በመሸፈን። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን የተነገረው ስለ ሂሳቡ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ2012 እንዳሳየው፣ አንድ አምፖል ከተመረተበት ቀን እስከሚጣልበት ድረስ ከሚፈጀው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ የሚያልቀው በርቶ ሳለ ነው። ትልቁ ጥፋት ያለው ከፋብሪካው ይልቅ በደንበኛው ቆጣሪ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሲግኒፋይም ራሱ ይህን አይክድም።

ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል 1,000 ሰዓት ሲበራ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል የመነጨ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቀቅ፣ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጋዝ 60 ኪሎ ይደርሳል። ለዚያው ብርሃን ተራ ኤልኢዲ 9 ዋት ይበቃዋል። ኩባንያው ከዱባይ ማዘጋጃ ቤት ጋር በ2016 ያስተዋወቀው «የዱባይ አምፖል» ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነው፤ ባለ 3 ዋቱ 600 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያወጣል፣ በአንድ ዋት 200 ሉመን መሆኑ ነው። ይህ ከተራው ኤልኢዲ እጥፍ ገደማ ነው።

እንዴት እንደተቻለ ለመረዳት ተራውን አምፖል መክፈት ይበጃል። ነጩ የፕላስቲክ ክዳን ሲነሳ ክብ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይታያል፤ ሰሌዳው ላይ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ቢጫ ዲዮዶች በአንድ መስመር ተያይዘው ተደርድረዋል። አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ የዲዮዶቹን ቁጥር ያሳንስና እያንዳንዱን በብዙ ኤሌክትሪክ ያስጨንቀዋል። ዲዮድ ደግሞ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በበዛ መጠን ከአንድ ዋት የሚያወጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ትርፉ ሙቀት ይሆንና ዲዮዱን ያቃጥላል፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያረጋጋውን ካፓሲተርም ያደርቃል። አንዱ ዲዮድ ሲቃጠል መስመሩ ስለሚቋረጥ፣ የቀሩት ደህና ሆነው ሳለ አምፖሉ በሙሉ ይጠፋል። ጥቁር ነጥብ ያረፈባትን ዲዮድ በብየዳ የሚያገናኝ ሠራተኛ መልሶ ሊያበራው ይችላል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ስላለ ጥገናው ብዙ አይከርምም። የዱባይ አምፖል ሠሪዎች በተቃራኒው ሄዱ፦ ዲዮዶቹን አበዙ፣ በእያንዳንዱ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ቀነሱ። አምፖሉ ቀዝቀዝ ስለሚል ብርሃንም ዕድሜም ያተርፋል።

ይህ የአንድ አሮጌ ክርክር መዝጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ፊሊፕስ፣ የጀርመኑ ኦስራምና ሌሎች ግዙፍ አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፊበስ የተሰኘ ማኅበር መሥርተው የአምፖል ዕድሜ በ1,000 ሰዓት እንዲገደብ ተስማሙ፤ ከዚያ በላይ የሚበራ አምፖል የሚሸጥ አባል ቅጣት ይከፍል ነበር። መከላከያቸው ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። የክር አምፖል ክሩ ይበልጥ ሲግል ከአንድ ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል፣ ግን ቶሎ ይበጠሳል፤ ዕድሜ ሲረዝም ኃይል ይባክናል። ኤልኢዲ ይህን ሰበብ ከእጃቸው ነጠቀ። አሁን ቁጠባና ዕድሜ አብረው ስለሚሄዱ፣ እንቅፋቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሽያጭ ክፍል ገብቷል። ሃያ ዓመት የሚበራ አምፖል የሸጠ ነጋዴ ያንን ደንበኛ ለሃያ ዓመት አያየውም።

ለዚህ መልስ ሆኖ የቀረበው መብራቱን ሳይሆን ብርሃኑን መሸጥ ነው። በ2015 የአምስተርዳሙ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ከፊሊፕስና ከኮፌሊ ኩባንያ ጋር በተዋዋለው መሠረት፣ ማረፊያው ለሚጠቀመው ብርሃን ይከፍላል፤ መብራቶቹ የፊሊፕስ ንብረት ሆነው ይቀራሉ። ይህ አንድ አንቀጽ መሐንዲሱን ሌላ ሰው አደረገው። የተበላሸው ዕቃ የራሱ ስለሆነ ቶሎ የሚበላሹትን ክፍሎች በቀላሉ የሚወጡና የሚገቡ አድርጎ ሠራ፤ ዕድሜያቸው ከተለመደው በ75 በመቶ እንዲረዝም፣ የኃይል ፍጆታውም በግማሽ እንዲቀንስ ታቅዶ ነበር። ሲግኒፋይ የመብራት ሽፋኖችን ተፈጭቶ ዳግም ሊታተም ከሚችል ፖሊካርቦኔት በባለሦስት ገጽታ ማተሚያ ማምረቱንም ይናገራል፤ ደግ ነገር ነው፣ ግን ከውሉ ጋር ሲነጻጸር ጌጥ ነው ባይ ነኝ።

«አሮጌውን እያደሱ ማቆየት አዲሱና ቆጣቢው እንዳይገባ ያግዳል» የሚል ተቃውሞ አለ። ከክር አምፖል ወደ ኤልኢዲ ሲታለፍ እውነት ነበር። ከእንግዲህ ግን የሚወጣው ደረጃ አጭር ነው፤ ጥሩ ቀለም ያለው ነጭ ብርሃን በአንድ ዋት ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ከ300 እስከ 400 ሉመን ነውና። ደግሞም ዲዮዱ ብቻ ተነቅሎ የሚተካ ከሆነ አዲሱ በአሮጌው አካል ውስጥ ይገባል፤ ከመስከረም 2021 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብም የብርሃን ምንጩ በተራ መሣሪያ የሚወጣ እንዲሆን በመርህ ደረጃ ያዛል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ብርሃን ሲረክስ ሰው አብዝቶ ያበራል፤ በ2017 የታተመ የሳተላይት ጥናት ከ2012 እስከ 2016 ከቤት ውጭ በሰው ሠራሽ ብርሃን የበራው የምድር ገጽ በየዓመቱ 2.2 በመቶ መስፋቱን አሳይቷል። ይህን የትኛውም ንድፍ አይፈታውም፤ በብርሃን መጠን የሚያስከፍል ውል ግን ቢያንስ ያለአግባብ የበራውን በሂሳብ ደረሰኝ ላይ ያወጣዋል።

የኃይል ምንጩ ንጹሕ በሆነ ቁጥር አምፖሉ በርቶ ሳለ የሚያልቀው ያ 90 በመቶ የካርቦን ክብደቱን እያጣ፣ ሸክሙ ወደ አምፖሉ አካል ይዞራል። ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ እዚያ ቀድማ ደርሳለች፤ አዲስ አበባ ላይ የሚበራ አምፖል ካርቦን በአብዛኛው አሉሚኒየሙ በቀለጠበትና ኤሌክትሮኒክሱ በተሠራበት አገር የተለቀቀ ነው። ዋት መቆጠብ ትርጉም የለውም ማለት አይደለም፤ መብራት ያልደረሰው ሕዝብ ባለበት አገር የተረፈው ኃይል ሌላ ቤት ይገባል። ለካርቦኑ ግን አምፖሉ አምስት ወር ወይስ አምስት ዓመት መብራቱ ከዋቱ በላይ ይወስናል። የስኪፖል ዓይነት ውል የሚፈልገው ደግሞ ሂሳቡን በየወሩ የሚከፍል ትልቅ ተቋምና የተበላሸውን ሊወስድ ተመልሶ የሚመጣ ሻጭ ነው፤ አየር ማረፊያ፣ ሆስፒታል ወይም የከተማ መንገድ መብራት ይህን ሊያሟላ ይችላል። ከሱቅ አንድ አምፖል ገዝቶ የሚሄደው ሰው በእጁ ያለው የዋስትና ወረቀት ብቻ ነው፣ ያውም ከተሰጠው።