በክረምት ወራት ከልጅ ጋር ወደ ስዊስ ተራሮች ስለሚደረግ ጉዞ

ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታ የአዲስ አበባ ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ማንኛውም ባለሱቅ ያውቃል። መንገዱ ይጨቀያል፤ የግንባታ ሥራ ይቀንሳል፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ገዢ ይሳሳል፤ ትምህርት ቤቶችም ይዘጋሉ። ስለዚህ በንግድ ሥራ ላይ ያለ አባት ወይም እናት ከልጁ ጋር ጥቂት ቀናት ለማሳለፍ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢያገኝ የሚያገኘው በሐምሌ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን እኛ ክረምት የምንለው ወራት ለአውሮጳ ሰዎች ዋነኛው በጋ ስለ ሆነ፥ እኛ ሥራ በምንፈታበት ሰሞን እነርሱም ከነልጆቻቸው ወደ ተራራና ወደ ባሕር ይጐርፋሉ። በዚህ ሰሞን መጓዝ በበዓል ዋዜማ በግ ለመግዛት እንደ መውጣት ያለ ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት የነበረችውን ልጄን በሐምሌ ወደ ስዊስ ተራሮች ወስጄ በእግር አብረን እንደምንጓዝ ቃል ገባሁላት። ክፍል ያዝሁ፤ ገንዘቡንም ላክሁ። ከዚያ በኋላ በሥራ ብዛት እስከ ሰኔ መጨረሻ ጉዳዩን ሳላነሣው ቈየሁ። ለቪዛ የተሰጠኝ ቀጠሮ የሐምሌ ማለቂያ ሆነ፤ ፓስፖርቶቻችን ሲመለሱ የያዝሁት ክፍል ቀኑ አልፎ ነበር፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። የገንዘቡን ጉዳት ነጋዴ ሁሉ ይችለዋል። ልጄ ግን ቦርሳዋን ራሷ አዘጋጅታ በበሩ አጠገብ አስቀምጣው ነበርና ሦስት ሳምንት እዚያው ቆመ። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ቦርሳው በቦታው የለም፤ ልብሷን መልሳ በቁም ሣጥኗ ውስጥ ደርድራዋለች። አንዳች አልተናገረችኝም። «በሚቀጥለው ወር» እያልሁ ከዚያ በፊት ስንት ነገር እንዳስቀረሁባት ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቈጠርሁ።

በሚቀጥለው ኅዳር አዲስ መዝገብ ከፈትሁና ጉዞውን እንደ አንድ የውጭ አገር ዕቃ ትእዛዝ አድርጌ ያዝሁት። አስመጪ ኤል ሲ የሚከፍትበትን ቀን የሚወስነው ዕቃው ሱቅ መድረስ ካለበት ቀን ወደ ኋላ እየቈጠረ ነው፤ ፋብሪካው ይህን ያህል፣ መርከቡ ይህን ያህል፣ የጅቡቲ ወደብ ይህን ያህል፣ ጉምሩኩ ይህን ያህል ይወስዳል ይላል። የልጅም ጉዞ አቈጣጠሩ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፥ የዘገየ ዕቃ ዲመሬጅ ተከፍሎበትም ቢሆን ይወጣል፤ ያለፈ ክረምት ግን ምንም ቢከፈልበት አይወጣም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ቀኑ ነው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ አይብና ቅቤ የዕለት ምግብ በሆነበት የተራራ አገር ጾመኛ ልጅ ይዞ መዞር ለአባትም ለልጅም ችግር ስለሚሆን ከዚያ በፊት ለመመለስ ቈረጥን። ጾሙን ለማይጾም ቤተ ሰብ ይህ ሐሳብ አያስፈልገውም። ሆኖም ነሐሴ ሲገፋ ለእንቍጣጣሽ ወደ አገራቸው የሚገቡት ወገኖቻችን አውሮፕላኑን ስለሚሞሉት የመመለሻው መቀመጫ ይጠባል። የስዊሶችም ብሔራዊ በዓል በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 25 ቀን ይውላል፤ በዚያ ሰሞን በተራራው መንደር ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት ከሐምሌ 10 እስከ 20 ያለውን ጊዜ መረጥን።

ቀጥሎ ቪዛው ነው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ለሐምሌ 10 ተጓዥ ይህ ማለት ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ ማለት ነው። የአውሮጳ ኅብረት ምክር ቤት ኤፕሪል 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚመረመርበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ከዚያ በፊት የሄዱ ወዳጆች የሚሰጡትን ምክር እንዳለ መቀበል የማይገባውም ስለዚህ ነው። ቀኑን የሚቈጥር ሰው አርባ አምስቱን ቀን፣ ቀጠሮ እስኪገኝ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ደምሮ ይያዝ። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ፣ ስድስት ዓመት ሞልቶት ዐሥራ ሁለት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የመንገደኛ ኢንሹራንስም ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል። ነጋዴ የሆነ አመልካች የንግድ ፈቃዱን፣ ግብር የከፈለበትን ማስረጃና የባንክ ሒሳቡን መግለጫ ያቀርባል፤ ሒሳቡ በማመልከቻው ዋዜማ በድንገት አብጦ ከተገኘ ጥያቄ ማስነሣቱ የማይቀር ነው። ባለቤቴ ሱቁንና ታናሹን ልጃችንን ይዛ ስለ ቀረች ልጂቱ ከእኔ ጋር እንድትሄድ መስማማቷን የሚገልጽ በፊርማዋ የጸና ጽሑፍ አያይዘናል። ይህን ወረቀት ብዙ አባቶች ይዘነጉታል።

ክፍልን በሚመለከት በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ስሕተት አልደገምሁም። ከተወሰነ ቀን በፊት ያለ ኪሳራ ሊሰረዝ የሚችል ክፍል በጥር ያዝሁ፤ የአውሮፕላኑንም ትኬት ቦታውን ብቻ አስመዝግቤ ገንዘቡን የከፈልሁት ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ግን አስቀድሞ ከባንክ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። የስዊስ መገበያያ ዩሮ ሳይሆን ፍራንክ ነው፤ አገሩም እጅግ ውድ ነው። ደግነቱ፥ የባቡር ነገር ለወላጅ ተስማሚ ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ ለውጭ አገር ጐብኚ የሚሸጠውን ስዊስ ትራቭል ፓስ አባት ወይም እናት ከያዘ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጁ በነጻ ይሄዳል። ለዚህም የቤተ ሰብ ካርድ የሚባል አለና ፓሱ ሲገዛ መጠየቅ ይገባል።

ስንቅን በተመለከተ ለአስመጪና ላኪ ወገኖቼ አንድ ቃል ልጨምር። ሽሮና በርበሬ ይዘን ገብተናል፤ ቅቤና ቋንጣ ግን በቤት ቀርቷል። ከአውሮጳ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ እንኳ ክልክል ነውና በድንበሩ ላይ ይወሰዳል። እናቴ የሰጠችንን የተነጠረ ቅቤ በአውሮፕላን ጣቢያ ለሸኘን ሹፌር አስረክበን ሄድን።

የመረጥነው ቦታ በበርን አውራጃ ያለውን ቬንገን የተባለውን መንደር ነው። መንደሩ 1,274 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከታች ካለው ሸለቆ የሚወጣው በባቡር ብቻ ስለ ሆነ መኪና በውስጡ አይሄድም፤ ልጅ ብቻውን ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። በየቀኑ ሻንጣ እየሰበሰቡ ከከተማ ወደ ከተማ ከመዞር፥ በተለይ በዚህ በሚበዛበት ሰሞን፣ በአንድ መንደር ሰንብቶ በየማለዳው ወደ ተለያየ መንገድ መውጣት እጅግ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዚያ ስላለው ስለ ዩንግፍራው ባቡር ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ አለ። አዶልፍ ጉየር-ዜለር የተባለ በጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የበለጸገ የዙሪክ ሰው በኦገስት 1893 (እ.ኤ.አ.) ከሴት ልጁ ጋር በዚሁ አገር ተራራ በእግር ሲጓዝ፣ ተራራውን ፈልፍሎ እስከ ላይ የሚወጣ ባቡር የመሥራት ሐሳብ መጣለት። ሥራው በ1896 ተጀመረ፤ እርሱ ግን በ1899 ሞተ፤ ባቡሩም 3,454 ሜትር ላይ ካለው ጣቢያ የደረሰው በ1912 ነው። ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል ማለት ነው። ድንጋይና በረዶ ብቻ የነበረው ተራራ ዛሬ ለአገሩ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ሀብት ሆኗል። ወደዚያ ለመውጣት በበጋው ሰሞን መቀመጫን አስቀድሞ ማስመዝገብና በመጀመሪያው የማለዳ ባቡር መሄድ ይበጃል፤ ረፋዱ ላይ የሚደርሰው ሰው ከተራራው ይልቅ የሰው ጀርባ ያያል።

ስለ ልጂቱ እግር በብርቱ ተጨንቄ ነበርና ከየካቲት ጀምሮ በየእሑዱ ወደ እንጦጦ ይዣት እወጣ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በግንቦት ሦስት ሰዓት ሄድን። አዲሱንም ጫማ እዚያው አለማመድን፤ ጫማን ለመጀመሪያ ጊዜ በጉዞው ቀን ማድረግ ዕቃን ሳያዩ እንደ መቀበል ነው። እነዚያ እሑዶች ለዝግጅት ተብለው የተጀመሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጄ ሂሳብ እንደምትወድና አንዲት መምህርቷን እንደምትፈራ፣ ስልኬ ሲጮኽም ሁልጊዜ ወሬዋን አቋርጣ እንደምትጠብቅ የተረዳሁት በዚያ ነው።

በስዊስ ተራራ የእግር መንገዱ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ምልክት አለው። ምልክቱ የሚያሳየው ርቀትን ሳይሆን ሰዓትን ነው፤ ያም ሰዓት ዕረፍትን አይጨምርም። ከልጅ ጋር የሚሄድ ሰው የተጻፈውን በግማሽ ያህል አሳድጎ ይያዘው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባው መንገድ አስቸጋሪ የተራራ መንገድ ነውና ጥሩ ጫማና የማይፈራ እግር ይፈልጋል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ የሆነውን ግን ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ጨርሶ ይተወው። ከሰዓት በኋላ ነጐድጓድ ያለበት ዝናብ በድንገት ስለሚመጣ ከማለዳው ወጥቶ በስምንት ሰዓት ገደማ ከከፍታው ላይ መውረድ ያስፈልጋል። ለአደጋ ጊዜ የአየር አዳኝ ድርጅታቸው የስልክ ቍጥር 1414 ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሜንሊከን እስከ ክላይነ ሻይዴክ ያለውን ሜዳማ መንገድ ሄድን። በምልክቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ብዙ የአውሮጳ ልጆች በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ፤ ልጄም ለምን እንደ ደከማቸው ጠየቀችኝ። ክላይነ ሻይዴክ 2,061 ሜትር ነው፤ እርሷ የተወለደችበት ከተማ ከዚያ ከፍ ይላል። ይህን ስነግራት እጅግ ደስ አላትና እስከ ጣቢያው ድረስ ሮጠች።

በአምስተኛው ቀን በአይገር ተራራ ገደል ሥር የሚያልፈውን መንገድ ያዝን። ይህ የሰሜን ገደል እስከ 1938 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሰው ያልወጣው ነበር። መንገዱ ከአይገርግሌትሸር ጣቢያ ተነሥቶ ሰባት መቶ ሜትር ያህል እየወረደ አልፒግለን ይደርሳል፤ ምልክቱ ሁለት ሰዓት ይላል። መዝገቤን ያዘጋጀሁት ሁሉ ለእርሷ እግር ነበር፤ የውሃውን፣ የዕረፍቱን፣ የቸኮላቱን ነገር ሁሉ በእርሷ ልክ አስልቼ ነበር። የደከመው ግን የእኔ ጕልበት ነው። ሃያ ዓመት በመደብርና በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዳገትን ይችል ይሆናል፤ ቍልቍለት ያጋልጠዋል። በግማሹ መንገድ ቀኝ ጕልበቴ አልታጠፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ልጄ ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውልቃ በራሷ ቦርሳ ላይ በደረቷ በኩል አንጠለጠለችውና «አባዬ፥ ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ባቡሩ እስከ ማታ አለ» አለችኝ። የባቡሩን የሰዓት ሠሌዳ ለካ በማለዳ በጣቢያው አንብባው ኖሯል። እየቀደመች፣ በየመታጠፊያው እየቆመችና እየጠበቀችኝ አልፒግለን ስንደርስ አራት ሰዓት ፈጅቶብናል። ስልኬን ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላወጣሁት ያስተዋልሁት ማታ ነው።

ለሚቀጥለው ክረምት የሚሆነውን መዝገብ ባለፈው ኅዳር የከፈተችው እርሷ ናት። ለእኔ እግር ተብሎ አንዳንዱ ቍልቍለት ወደ ባቡር ተለውጧል። እስከ ሐምሌም ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለሚሞላት የቪዛዋ ክፍያ እንደ እኔው 90 ዩሮ መሆኑን በወጪው ዓምድ ላይ ጽፋዋለች።