ቬሎው ጭራ ባይኖረውስ?

ለዘንድሮ ሠርግ ቬሎ የምትመርጡ እህቶቼ፣ ከኋላ የሚጎተት ጭራ የሌለውን ምረጡ እላለሁ። ጭራው በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የማዕረግ ምልክት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ስታገባ ያስከተለችው ጨርቅ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር፤ የልዕልት ዳያና ደግሞ በ1981 ከ7 ሜትር ተኩል አለፈ። እንዲህ ያለ ልብስ የሚያምረው ግራና ቀኝ ወንበር በተደረደረበት ረጅም መተላለፊያ በዝግታ ሲራመዱበት፣ እንግዳውም ተቀምጦ ሲያይ ነው።

የአዲስ አበባ ልደታ ሰፈር ሙሽራ ውሎ ግን ሌላ ነው። ብዙዋ ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም ነው የምትወጣው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ሚዜው ከፊትም ከኋላም እየጨፈረ፣ ቪዲዮ ቀራጩ በየመታጠፊያው እያስቆማት። ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለፎቶ ወዳጅነት ፓርክ ወይም እንጦጦ። ቬሎ ለብሳ ተክሊል ብትፈጽም እንኳ ጫማ አውልቃ ትገባለች፣ ትሰግዳለች፣ ካባም ይደረብላታል፤ ጀርባዋ ላይ የሚታየው ካባው ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ በሚበዛው ሠርግ ላይ የበልግ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጫፉ አዳራሽ ሳይደርስ ጭቃ ይጠጣል። ማታ የጉራጌ ጭፈራ ሲደምቅ ሙሽሪት ጨርቁን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ አበባውን በሌላው ይዛ ትቆማለች። እስክስታ ልውረድ ብትልስ ወገቧን በየትኛው እጇ ትያዝ?

«በሕይወት አንዴ ነው፣ ግርማ ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግርማውን ግን በወርቅ ክር የተጠለፈው ካባችን ከበቂ በላይ ይሰጣል። «ፎቶ ላይ ያምራል» ለሚሉም፣ ደረጃ ላይ ሲዘረጋ ማማሩን አልክድም፤ ረጅም ዓይነ ርግብ ያንኑ ውበት ይሰጣል፣ አዳራሽ ሲገባም ከጸጉር ላይ ይነቀላል። «ሚዜዬ ትይዝልኛለች» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ሚዜ የምትጠራው አብራ እንድትደሰት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጨርቅ እንድታነሳ መፍረድ ይከብዳል። በኪራይ የተወሰደ ቬሎ ከሆነማ በተረከዝ የተረገጠ ዳንቴል ሲመለስ ጭቅጭቅ ያመጣል። ጭራው በቁልፍ የሚለያይ ዓይነት ከሆነ ግን ክርክሬ ይላላል፤ ከፎቶው በኋላ ይነሳልና።

ስትለኩ የሠርጉን ቀን ጫማ አድርጋችሁ ለኩ። ቁጭ ብድግ በሉ፣ የቬሎ ቤቱን ደረጃ ውጡ ውረዱ፣ ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ትከሻችሁን ሞክሩት።