ግርዶሽ ቀን ይመርጣል

መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ሜክሲኮን፣ አሜሪካንና ካናዳን ያቋረጠው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከአርሲዋ ከተማ ከአርቦዬ አልታየም፤ አርሲ ላይ ያን ጊዜ መሽቷል። ሚያዝያ 2 ቀን ግን የከተማዋ ሙስሊሞች እንደ ሌላው የአገሪቱ ሙስሊም ዒድ አልፈጥርን አከበሩ። የሁለቱ መቀራረብ አያስገርምም። የፀሐይ ግርዶሽ የሚከሰተው ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትገባ፣ አሮጌው የጨረቃ ወር ሲያልቅ ብቻ ነው። የዒድን መግቢያ የምታበስረው ቀጭኗ አዲስ ጨረቃ፣ ሂላል፣ የምትታየው ከዚያ በኋላ ነው።

የጨረቃ ግርዶሽ ተራው ከወሩ አጋማሽ ነው። ጨረቃ ሞልታ ከፀሐይ በተቃራኒ ስትቆም ምድር መካከል ሆና ጥላዋን ትጥልባታለች። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መውሊድ በተከበረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጨረቃ ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:52 ሙሉ በሙሉ ተጋርዳለች። ያን ጊዜ የምትቀላው የምድር አየር ቀዩን የፀሐይ ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ውስጥ ስለሚያሳልፍ ነው።

ታዲያ ጨረቃ በየ29 ቀን ተኩሉ ብትሞላም ግርዶሹ ለምን በየወሩ አይመጣም? የጨረቃ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ጨረቃ ለዓይን የምትሰፋው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይም ከምድር ጥላም ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ታልፋለች። ሦስቱ በአንድ መስመር የሚሰለፉበት ወቅት የሚመጣው በየ173 ቀኑ ገደማ ነው። ሲመጣም ግርዶሾቹ ይከታተላሉ፦ ከጳጉሜኑ ግርዶሽ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኒውዚላንድ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ አይታለች።

ለኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜው ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ የሰኔ 14 ቀን 2012ቱ ነው። ማለዳ ላይ ላሊበላ ፀሐይን እንደ ቀለበት አየች። ጨረቃ ፀሐይን ለመሸፈን ለጥቂት አንሳ ስለነበር የፀሐይ ጠርዝ ዙሪያውን በራ። አርሲ ከመስመሩ ውጭ ሆና ከፊሉን ብቻ አግኝታለች።

የፀሐይ ግርዶሽ በጨረቃ ወር ማብቂያ ብቻ ይከሰታል የሚለው ሕግ የሃይማኖት ታሪክንም ያበራል። የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም ባረፈበት ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ነበር፤ ነቢዩም ግርዶሽ ለማንም ሞት እንደማይሆን አስተማሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 632 የደረሰው ያ ግርዶሽ በሸዋል ወር ማብቂያ ላይ መዋሉ ሒሳቡን ያጸናል። የስቅለት ጨለማ ግን የአይሁድ ፋሲካ በሚከበርበት፣ ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን ስለሆነ ተራ የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን አይችልም። አማኙ ተአምር ሲለው ሥነ ፈለክ በዚህ ነጥብ አይከራከረውም።

ለኢትዮጵያ ቀጣዩ ታላቅ የፀሐይ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሉክሶርንና መካን ያጨልማል፤ አርቦዬ ከቀትር በኋላ ከፊሉ ይደርሳታል፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ። ደመናው ቢገለጥ እንኳ በተራ የፀሐይ መነጽርም ሆነ በባዶ ዓይን መመልከት ዓይንን ይጎዳል፤ ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። ለአርሲ ደጋ የተሻለው ዕድል ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በበጋው ጥርት ያለ ሰማይ፣ ይመጣል፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ፤ ለዚያ መነጽርም አያስፈልግም።