ዕዳችን ከእኛ ቀድሞ ጡረታ ይውጣ

ባልና ሚስት ስለ ጡረታ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ዕረፍቱን ነው። ልጆች ራሳቸውን ይችላሉ፤ ማለዳ ተነሥቶ ለታክሲ ሰልፍ መሮጥ ይቀራል፤ ለጸሎት፣ ለአገልግሎትና ለልጅ ልጆች የሚሆን ጊዜ ይገኛል። ይህ መልካም ምኞት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል እምብዛም የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ያ ቀን ሲደርስ ስንት ብር ዕዳ ይኖርብን ይሆን?

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናነጋግራችሁ የወደድነው በተለይ ዕድሜያችሁ ከ45 ዓመት ያለፈ ባለ ትዳሮችን ነው፤ ወጣቶችም ብታነቡት ትጠቀማላችሁ። ዋናው መልእክታችን አጭር ነው። ዕዳ በደመወዝ ይከፈላል እንጂ በጡረታ አበል አይከፈልም። ስለዚህ ሒሳባችሁን ከጡረታው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ።

የጡረታ አበላችሁ ስንት ይሆናል?

በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2014 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች፣ በቁጥር 1267 እና በቁጥር 1268 ይመራል። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶው ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ይህን ወደ ቤታችሁ አምጥታችሁ አስሉት። 15 ዓመት ያገለገለ ሰው 36.25 በመቶ፣ 20 ዓመት ያገለገለ 42.5 በመቶ፣ 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ያገኛል። 70 በመቶው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ዓመቱ ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ስሌቱ የሚሠራው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ስለሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የትራንስፖርት አበል አይገቡበትም። እንግዲህ ዛሬ በሙሉ ደመወዝ መክፈል ያቃተን ዕዳ፣ ነገ በግማሹ እንዴት ይከፈላል?

የግል ድርጅት ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። የእናንተ ጡረታ በሕግ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ በፊት የሠራችሁበት ዘመን ተይዞላችሁ እንደሆነ ከድርጅታችሁ አጣሩ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በአገልግሎት ድርጅት የምትሠሩም መዋጮ እየተከፈለላችሁ መሆኑን ጠይቁ። በንግድ ወይም በእጅ ሙያ የምትተዳደሩ ወገኖች ደግሞ ወርኃዊ አበል የሚጠብቃችሁ ካልሆነ፣ ጉልበታችሁ የሚደክምበትን ጊዜ እንደ ጡረታ ቀን ቁጠሩት።

ከመበለቲቱ የምንማረው

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ የምናውቃት አንዲት መበለት አለች። ባሏ ከነቢያት ወገን የነበረ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ዕዳ ትቶባት ሞተ። ባለ ዕዳውም ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ይህን ታሪክ የምናነበው ብዙ ጊዜ ስለ ዘይቱ ተአምር ነው። ስለ ዕዳ አከፋፈልም ግን ብዙ ያስተምረናል።

አንደኛ፣ እግዚአብሔርን መፍራት ብቻውን ሰውን ከዕዳ እንደማያድን እናያለን። ስለዚህ ዕዳ ያለባችሁ ወገኖች በኃፍረት አትደበቁ፤ መበለቲቱም ለኤልሳዕ ጮኻ ተናገረች። ሁለተኛ፣ ነቢዩ የጠየቃት ቤቷ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። መፍትሔው የጀመረው በእጇ ከነበረው ጥቂት ዘይት ነው። ሦስተኛ፣ ልጆቿ ማድጋውን እያቀረቡላት አብረዋት ሠሩ፤ የቤቱ ችግር ከልጆቹ አልተሰወረም። አራተኛ፣ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ዘይቱን ሸጣ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈው ደግሞ ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው የታዘዘችው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አስቀድመን እንኖራለን፤ ከተረፈ እንከፍላለን። አይተርፍምም።

ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ

የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እውነት መነጋገርን ብቻ ይጠይቃል። አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ጸልያችሁ ተቀመጡ። ከዚያም እያንዳንዳችሁ ያለባችሁን ዕዳ ሳትደብቁ ጻፉ። ባል ሚስቱ የማታውቀው ብድር ሊኖርበት ይችላል፤ ሚስትም ባሏ የማያውቀው የሱቅ ዱቤ። ዕዳው ሲነገር መቆጣትና መወቃቀስ ይመጣ ይሆናል። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባን ዕዳ የሁለቱም የጋራ ዕዳ አድርጎ እንደሚያየው አስታውሱ። አንድ ሥጋ የሆኑ ሰዎች ሁለት የተደበቁ ደብተሮች ሊኖሯቸው አይገባም።

የባንክና የቁጠባ ማኅበር ብድር፣ የኮንዶሚኒየም ቤት ቀሪ ክፍያ፣ ከዘመድ የተወሰደ ገንዘብና የሱቅ ዱቤ በቀላሉ ትዝ ይሏችኋል። ብዙዎቻችን የምንዘነጋቸው ግን ሁለት አሉ። አንደኛው የተበላ እቁብ ነው። ዕጣው አስቀድሞ ወጥቶልን ገንዘቡን ከተጠቀምንበት፣ ከዚያ በኋላ የምንጥለው ሁሉ ዕዳ መክፈል ነው። ሁለተኛው ዋስትና ነው። ለሥራ ባልደረባ ወይም ለወንድም ብድር ከፈረማችሁ እርሱ ባይከፍል እናንተ ትጠየቃላችሁ። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ዋስነት ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ምሳሌ

ለማስረዳት ያህል አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሳል። ባል 54፣ ሚስት 50 ዓመታቸው ነው። ለባል ጡረታ 6 ዓመት፣ ማለትም 72 ወር ቀርቶታል። የእርሱ አማካይ ደመወዝ 14,000 ብር ቢሆንና 30 ዓመት ቢያገለግል አበሉ 7,700 ብር ይሆናል።

ዕዳቸው የሚከተለው ነው እንበል፤

ለሠፈሩ ሱቅ ዱቤ 6,000 ብር።
ለልጅ ሠርግ ከዘመድ የተወሰደ 24,000 ብር።
ለተበላ እቁብ በየወሩ 1,500 ብር፣ ገና 12 ወር የሚቀረው፤ በድምሩ 18,000 ብር።
ለቁጠባና ብድር ማኅበር 54,000 ብር፤ በየወሩ 2,000 ብር የሚከፈልበት።

ጠቅላላው 102,000 ብር ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ወጪያቸውን ቀንሰው በየወሩ ተጨማሪ 2,000 ብር አገኙ እንበል። ገንዘቡን በየቦታው አይበትኑትም፤ በአንዱ ዕዳ ላይ ብቻ ያሳርፉታል። በ3 ወር የሱቁ ዱቤ ያልቃል። ከዚያ ያንኑ 2,000 ብር ለዘመዳቸው ይከፍላሉ። በ12ኛው ወር እቁቡ ስለሚያልቅ 1,500 ብሩም ይጨመራል፤ የዘመድ ዕዳ በ14ኛው ወር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ 2,000፣ 1,500 እና መደበኛው 2,000 ብር ተደምሮ በየወሩ 5,500 ብር ለማኅበሩ ይገባል። ወለዱ ታክሎበት እንኳ በሁለት ዓመት ገደማ ከዕዳ ነጻ ይሆናሉ። በቀሩት አራት ዓመታት ያንኑ 5,500 ብር ቢቆጥቡ ያለ ወለድ 264,000 ብር ይሆናል። ምሥጢሩ አንድ ዕዳ ሲያልቅ የተለቀቀውን ገንዘብ ሳይበሉ ወደሚቀጥለው ማሻገር ነው።

በዚህ ምሳሌ ከትንሹ ዕዳ የጀመርነው ቶሎ የሚያልቅ ነገር ልብን ስለሚያበረታ ነው። ወለዱ የከበደ ዕዳ ካለባችሁ ግን እርሱን አስቀድሙ። አራጣ ከሆነ ሌላውን ሁሉ አቁማችሁ ከእርሱ ውጡ፤ አራጣ ማበደር በሕግም የተከለከለ ነው።

ሁለት ሺህ ብር ከየት ይመጣል?

«ኑሮው እንዲህ ተወድዶ ምን የሚቀነስ አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብዙ ዕቃ ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ በግምት አትቀንሱ። አንድ ወር ሙሉ የምታወጡትን ሁሉ፣ የሻይና የታክሲውን ሳይቀር፣ በደብተር መዝግቡ። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ራሱ የት እንደሚፈስ ያሳያችኋል።

ጤፍ ብዙውን ጊዜ ከመከር በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ከክረምቱ ይልቅ ይረክሳል። ለብቻ ኩንታል መግዛት ካቃተ ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ ግዙ። ዘይትና ስኳር በዱቤ በትንሽ በትንሹ ከመውሰድ ከሸማቾች ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ በጥሬ ገንዘብ ውሰዱ። በዱቤ ስንገዛ ዋጋ አንጠይቅም፤ ጉዳቱም ከዚያ ይጀምራል። ለየሠርጉ አዲስ ልብስ ማሰፋት ይቅር። በኮንትራት ታክሲ የምትሄዱበትን በአውቶቡስ ሂዱ። ልጆች አግብተው የወጡበት ክፍል ባዶ ከሆነ ተከራይ አስገቡበት። ዳቦ መጋገር፣ ልብስ መስፋት ወይም ተማሪ ማስጠናት የምትችሉም እንደ መበለቲቱ ዘይት በቤታችሁ ያለው ይኸው ነው።

ደብተሩ የሚቀነስ ነገር እንደሌለ ካሳያችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ወደ አበዳሪያችሁ ሄዳችሁ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም ለምኑ። ቀድሞ የመጣን ሰው ብዙዎች ያስተናግዳሉ፤ የጠፋን ሰው ግን ይከስሳሉ። አቅማችሁ በፈቀደ መጠንም ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አለዚያ አንድ የሆስፒታል ወጪ እንደገና ወደ ብድር ይመልሳችኋል።

በዚህ ዕድሜ የሚመጡ ፈተናዎች

ከሁሉ የሚከብደው የልጅ ሠርግ ነው። ሃያ ዓመት በጥንቃቄ የኖሩ ወላጆች በአንድ ቅዳሜ ለአዳራሽ፣ ለምግብና ለቪዲዮ የአምስት ዓመት ዕዳ ይገባሉ። ልጃችሁን ትወድዱታላችሁ፤ ግን በሽምግልናችሁ ሸክም እንድትሆኑበት ደግሞ አትፈልጉም። ያላችሁን መጠን ሳትደብቁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸውና በዚያው ልክ ደግሱ። ቤተ ክርስቲያናችንም በጥቂት ሰውና በቀላል መስተንግዶ የሚጋቡትን ብታከብር ብዙ ቤተሰብ ታሳርፋለች።

ሌላው «በጡረታዬ ዋዜማ አንድ ትልቅ ብድር ወስጄ ልነግድ» የሚለው ሐሳብ ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር በሉቃስ 14 አስተምሯል። የማታውቁትን ንግድ በብድር አትጀምሩ። ወደ እቁብ ከገባችሁም መጨረሻ ላይ የሚደርሰውን ዕጣ ምረጡ፤ ያኔ ብድር መሆኑ ቀርቶ ቁጠባ ይሆንላችኋል።

አሥራትንስ በተመለከተ? ይህን በጌታ ፊት፣ ሁለታችሁም በአንድ ልብ ወስኑት። እኛ የምንለው፣ መስጠት ከገቢያችን የመጀመሪያው እንጂ ከብድር የሚወጣ አይሁን። በስብሰባ ሙቀት ትልቅ ገንዘብ ቃል ከመግባታችሁ በፊትም ተማከሩ፤ ቃልም ዕዳ ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 13 የማያልቅ ዕዳ አድርጎ የተወልን ፍቅርን ብቻ ነው።

ለባለ ትዳሮች መወያያ

1. ለእያንዳንዳችን ጡረታ ስንት ወር ቀርቶናል? አበላችንስ ስንት ይሆናል?
2. አንዳችን ለሌላው ያልነገርነው ብድር ወይም ዋስትና አለ?
3. በመጀመሪያ የምንዘጋው ዕዳ የቱ ነው? በስንት ወር?
4. በቤታችን ያለው «ጥቂት ዘይት» ምንድን ነው?

ወረቀቱን ከጻፋችሁ በኋላ በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ በየወሩ ደመወዝ በወጣ ማግስት አውጥታችሁ የከፈላችሁትን ሰርዙ። የመጨረሻውን መሥመር አብራችሁ የምትሰርዙበትን ቀን ጌታ ያሳያችሁ።